ስሙ ያልተጻፈለት የቤዝ ተጫዋች

«ማይ ገርል» የተባለው የቴምፕቴሽንስ ዘፈን ሲጀምር፣ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ጥቂት ወፍራም የቤዝ ጊታር ድምፆች ይሰማሉ። ዘፈኑ የወጣው በ1964 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፈኑን ብዙ አገር ያውቀዋል። ቤዙን የተጫወተውን ሰው ግን ያኔ ከሙያ ጓደኞቹ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ በሸክላው ላይ ስሙ አልተጻፈምና።

ጄምስ ጀመርሰን የተወለደው በ1936 በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና፣ ኤዲስቶ በምትባል ደሴት ነው። ያሳደጉት በከፊል ፒያኖ ትጫወት የነበረችው አያቱና በቤተ ክርስቲያን ትዘምር የነበረችው አክስቱ ናቸው። በ1954 ከእናቱ ጋር ወደ ዲትሮይት ሄደ። በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሥራና የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች ይሰደዱ ነበር። ጀመርሰን ትምህርት ቤት ሳለ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ ተማረ፤ ከዚያም በከተማው ክበቦች ጃዝ መጫወት ጀመረ።

በ1959 ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ዲትሮይት ውስጥ ተቋቋመ። ስቱዲዮው አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። ፈንክ ብራዘርስ በመባል የሚታወቁት ሙዚቀኞች፣ ጀመርሰንም አብሯቸው፣ ዘፋኝ እየተቀያየረ እነሱ ግን እዚያው ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ያዘ።

ዛሬ መድረክ ላይ ከቤዝ ተጫዋች ጀርባ በሳጥን የተደረደሩ ብዙ መሣሪያዎች እናያለን። ድምፁ ከጊታሩ በገመድ ይወጣል፤ አንዱ መሣሪያ ከመጠን ያለፈውን ይገታዋል፣ ሌላው ወፍራሙንና ቀጭኑን ያመጣጥናል፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ድምፁ እዚያው ይሻክራል፤ ቀጥሎ ያለው የሚያጎላውም የተበላሸውን ነው።

የጀመርሰን መስመር አጭር ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ የጊታሩ ገመድ በቀጥታ ወደ መቅጃው ክፍል ሚክሰር ይገባ ነበር። የቀረው ሥራ የእጁ ነው። በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ይመታል። ክሮቹ ወፍራምና ለስላሳ ነበሩ፤ ካልተበጠሱ አይቀይራቸውም። ድምፁ ተንዛዝቶ እንዳይቀር ከክሮቹ ሥር ስፖንጅ ያደርግ ነበር። ያ ሙሉና ለስላሳ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው።

ሞታውን ለብዙ ዓመታት የተጫዋቾቹን ስም በሸክላ ሽፋን ላይ አያወጣም ነበር። የጀመርሰን ስም የወጣው በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ዓለም ከአሥር ዓመት በላይ በእሱ ቤዝ ሲጨፍር ኖሯል። በሰው ቤት ጓዳ የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም፤ እንግዳው ምግቡን ያደንቃል፣ ማን እንደሠራው ግን አይጠይቅም።

ኩባንያው በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ጀመርሰንም በዓመቱ ተከተለ፤ እዚያ ግን ሥራው እየቀነሰ፣ የቆየው የመጠጥ ችግሩም እየጸናበት መጣ። ሞታውን በ1983 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጀመርሰን የነበረው ከመድረኩ ላይ ሳይሆን ከተመልካቹ መካከል ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በ47 ዓመቱ አረፈ።

በ2000 ስሙ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ሰፈረ። በ2002 ደግሞ ስለ እሱና ስለ ጓደኞቹ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። ሁለቱንም አላያቸውም።

ዘፈኑን መስማት የምትፈልጉ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የስልክ ትንሿ ድምፅ ማውጫ ወፍራሙን ድምፅ አታወጣውም፤ በእሷ ከሰማችሁ ጀመርሰን አሁንም ይቀርባችኋል።