ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከጦር ሜዳ እስከ ሚኒስትርነት፣ ከሚኒስትርነት እስከ ብዕር

በጎጃም ምድር የቆሎ ተማሪ ሆነው ከቤታቸው የወጡ ልጆች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ከእነዚያ መካከል አንዱ አኮፋዳቸውን አንግተው ከደብር ወደ ደብር ከዞሩ በኋላ አርበኛ፣ እስረኛ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። በስተመጨረሻም የሀገራቸውን ባላገር ሕይወት በመጽሐፍ አኑረው አልፈዋል። እኒህ ሰው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ሐዲስ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበሩ የልጃቸው የመጀመሪያ መንገድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት መድገም ነበር። ከዚያም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የዜማ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ያ ዘመን ሁለት ነገር ሰጣቸው። አንደኛው የአማርኛና የግእዝ ቋንቋ ብልጽግና ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ የገበሬውን ደጅ ከውጭ ቆሞ የማየት ዕድል ነው። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚለምነው ከድሃውም ከባላባቱም ደጅ ነውና የማን ጎተራ ሞልቶ የማን እንደጎደለ ያውቃል።

በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ አቅንተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ከተማሩባቸው ቤቶች አንዱ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር። ወደ ጎጃም ተመልሰውም በመምህርነት ሠርተዋል።

በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወርር ወጣቱ መምህር ጠመኔውን አስቀምጠው ዘመቱ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የክፍለ ሀገሩን ጦር እየመሩ ተከዜን ተሻግረው ሽሬ ግንባር ሲሰለፉ ሐዲስም አብረው ነበሩ። ጠላት በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ በሚዋጋበት በዚያ ግንባር አብዛኛው የገበሬ ጦር የያዘው ያረጀ ጠመንጃና ጎራዴ ነበር። የሰሜኑ ግንባር ከተፈታ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቅንተው ትግሉን ቀጠሉ፤ ሐዲስም ተከተሏቸው። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም ግን ጦሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ እጁን ሰጠ።

የተማረኩት ሐዲስ ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። ፖንዛና ሊፓሪ የተባሉት ደሴቶች የግዞት ቦታዎቻቸው ነበሩ። ከሀገር ርቆ በባሕር ተከቦ መኖር ለተራራማው ጎጃም ልጅ ቀላል አልነበረም። ከእስር የተፈቱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የቃል ኪዳን ሀገራት ጦር ኢጣሊያ ሲገባ ነው። ለሀገራቸው አፈር የበቁት ከብዙ ዓመታት ግዞት በኋላ ሲሆን፣ ያዩትንና የደረሰባቸውን በ1985 ዓ.ም በታተመው "ትዝታ" በተሰኘው መጽሐፋቸው ለትውልድ አቆይተዋል።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የተማረ ሰው እጅግ ይፈልግ ነበር። ሐዲስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመድበው በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካ ደግሞ ዲፕሎማት ሆነው አገለገሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ኢትዮጵያን ወክለዋል። ቀጥሎም የትምህርት ሚኒስትር፣ በእንግሊዝ አምባሳደር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

ሐዲስን ከዘመናቸው ሹማምንት የለያቸው ግን የሥልጣናቸው ከፍታ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም "ፍቅር እስከ መቃብር" ለንባብ ሲበቃ ደራሲው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ። መጽሐፉ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው። ከፍቅሩ ሥር ግን ሌላ ታሪክ አለ። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ ሲጠይቁ ባላገሮቹ እምቢ ይላሉ። በአበጀ በለው መሪነትም ለመብታቸው ይቆማሉ። ጉዱ ካሳ የተባለው ገጸ ባሕርይም ሰውን በዘር የሚያበላልጠውን ልማድ በአደባባይ ይነቅፋል፤ በዚህም የተነሣ እንደ ዕብድ ይቆጠራል።

በዚያን ዘመን የመሬት ሥርዓት የሀገሪቱ ትልቁ ጥያቄ ነበር። ከሥርዓቱ ወንበር የተቀመጠ ሰው የባላገሩን እምቢታ ፍትሐዊ አድርጎ መጻፉ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው መጽሐፉ ከወጣ ከ9 ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም ነው።

ልብ ወለዱ ፊደል ላልቆጠሩትም ደርሷል። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰዎች በየሬዲዮኑ ዙሪያ ተሰብስበው ያደምጡት ነበር። ከማንበብ የራቀው ገበሬም የራሱን ኑሮ፣ የራሱን አነጋገርና የራሱን በደል በጆሮው ሰማ።

ሐዲስ ከ1966 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላም ከሀገራቸው አልወጡም። ብዕራቸውም አላረፈም። "ወንጀለኛው ዳኛ" በ1974 ዓ.ም፣ "የልምዣት" ደግሞ በ1980 ዓ.ም ታተሙ። ቀደም ሲል በ1948 ዓ.ም "ተረት ተረት የመሠረት" የተሰኘውን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለሥራቸው የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

እኒህ አርበኛ፣ ዲፕሎማትና ደራሲ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም፣ በ94 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ዛሬ በትውልድ አካባቢያቸው የሚገኘው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። ማንኩሳና ዲማም በመጽሐፋቸው አማካኝነት በመላ ሀገሪቱ የታወቁ ስሞች ሆነዋል።

ሐዲስ በአንድ ዕድሜ ለሀገር ጠመንጃ ተሸክመዋል፤ ለሀገር ታስረዋል፤ ሀገርንም ወክለዋል። ሹመቱ ከዘመኑ ጋር አልፏል። በልጅነታቸው ቁራሽ የሰጣቸውን ባላገር ግን አልረሱትም፤ ውለታውንም በብዕራቸው መልሰዋል።