ቪክቶር ሃራ፦ የጭሰኛው ልጅ ጊታርና የሕዝብ ቴሌቪዥን

የአንድ አገር ቴሌቪዥን የማን እንደሆነ ለመረዳት ዜናውን ብቻ ማዳመጥ አይበቃም። በአንዱ ዝግጅትና በሌላው መካከል የሚሰማውን ሙዚቃም ማዳመጥ ያሻል። በዚያች አጭር ፋታ የሚሰማው መሣሪያ ከየትኛው መንደር እንደመጣ፣ የማን እጅ እንደሠራው ስንጠይቅ ጣቢያው ለየትኛው ወገን እንደቆመ ፍንጭ እናገኛለን። ይህን ጥያቄ ይዘን ስንነሳ የቺሌያዊውን ዘፋኝና የቴአትር አዘጋጅ የቪክቶር ሃራን ሕይወት መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪክቶር ሃራ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1932 ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው ከዋና ከተማዋ ከሳንቲያጎ ብዙም በማትርቀው በሎንኬን መንደር ነው። አባቱ ማኑኤል በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር፣ ለዚያች ጎጆና ለቁራሽ ማሳ ሲል ጉልበቱን ለባለርስቱ የሚገብር ጭሰኛ ነበር። ይህን ለአንባቢዎቻችን አናብራራም፤ ጭሰኝነትን ከመጽሐፍ የተማረ ሕዝብ አይደለንምና። አባትየው መጠጥ የሚያበዛ ሰው በመሆኑ የቤቱ ምሰሶ እናቱ አማንዳ ነበረች። አማንዳ ጊታር ትመታለች፤ በሠርግ ትዘፍናለች፤ ሕፃን በሞተበት ቤት ሌሊቱን በዜማ ታነጋለች። ቪክቶር የመጀመሪያውን ትምህርት የተማረው ከእርሷ ጎን ተቀምጦ ነው። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሳንቲያጎ ሲፈልስ እናቲቱ በገበያ ምግብ እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች። እርሷ ስትሞት ገና ጎረምሳ የነበረው ቪክቶር ካህን ለመሆን ሴሚናሪ ገባ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ወጣ፤ የውትድርና ግዴታውንም ፈጸመ።

መንገዱን ያገኘው በቺሌ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1953 የዩኒቨርሲቲውን መዘምራን ተቀላቀለ፤ በ1956 የቴአትር ትምህርት ቤት ገባ። ከዘፋኝነቱ አስቀድሞ በአዘጋጅነቱ ስም ያገኘ ሰው እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1957 ደግሞ ኩንኩሜን ከተባለው የባሕል ሙዚቃ ቡድን ጋር መሥራት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ በቺሌ ራዲዮ የሕዝብ ሙዚቃ እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው፣ በሚገባ የተተኮሰ ልብስ በለበሱ፣ ማሳ ረግጠው በማያውቁ ቡድኖች የሚዜም ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ወንዙ ኩልል ይላል፣ ፈረሱ ይሰግራል፣ ኮረዳይቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ጭሰኛው ግን የለም። ገጠሩ የሚታየው ከባለርስቱ ሰገነት ላይ ነበር። ይህን የተዛባ ሥዕል አስቀድማ የተጋፈጠችው ቪዮሌታ ፓራ ናት። በየገጠሩ እየዞረች ከአዛውንቶች አፍ ዜማ የሰበሰበችው ይህች ታላቅ ሴት ቪክቶር በራሱ ድምፅ እንዲዘፍን አደፋፈረችው። በ1965 ልጆቿ ኢሳቤልና አንሄል በሳንቲያጎ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የከፈቱት የዘፈን ቤትም የአዲሱ ትውልድ መሰባሰቢያ ሆነ። ቪክቶርም በዚያ ይዘፍን ነበር።

አዲሱ ትውልድ ከጊታር ሌላ የአንዲስ ተራሮች ሕዝቦችን መሣሪያዎች አነሳ። ኬና ከዋሽንታችን ጋር ትዛመዳለች። ቻራንጎ አሥር ጅማቶች በአምስት ጥንድ የተወጠሩባት ትንሽ መሣሪያ ስትሆን፣ ገላዋ ቀድሞ ከአርማዲሎ እንስሳ ልባስ ይሠራ ነበር። ሲኩ የተባለው የሸምበቆ መሣሪያ ደግሞ የዜማው ድምፆች በሁለት ሰዎች መካከል ተከፍለው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ ይነፋል፤ የእምቢልታን አነፋፍ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንበትም። በከተማው ከበርቴ ዘንድ እነዚህ መሣሪያዎች የኋላ ቀር ሕንዶች ዕቃ ተደርገው ይናቁ ነበር።

ቴሌቪዥን ቺሌ የገባው በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው። ከ1959 ጀምሮ ጣቢያዎቹን የመሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ መላ አገሪቱን እንዲያዳርስ የታቀደው ብሔራዊ ጣቢያ ሥርጭቱን የጀመረው በ1969 ነበር። ባለቤትነታቸው የግል ከበርቴ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ሰዓታቸውን ከሚሞሉት ተከታታይ ፊልሞች ብዙዎቹ ከሰሜን አሜሪካ ተገዝተው የመጡ ነበሩ። በ1970 ሳልቫዶር አሌንዴ በምርጫ ሥልጣን ከያዙ በኋላ መንግሥት ድርሻ በያዘበት ፋብሪካ አንድ አነስተኛ የቴሌቪዥን መቀበያ ለሠራተኛው ቤተሰብ ታስቦ ተሠራ። ስሙ አንቱ ነው፤ ለእኛ ጆሮ የአክብሮት አጠራር ቢመስልም በማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን ብሔራዊው ጣቢያ በዝግጅቶቹ መካከል ቴቪቶ የተባለ የካርቱን ውሻ ያሳይ ነበር። ቴቪቶ ብቅ ሲል የሚሰማው ዜማ ቻራጉዋ ይባላል። የደረሰው ቪክቶር ሃራ ሲሆን የተጫወተው ኢንቲ ኢሊማኒ የተባለው ቡድን ነው። ቃል የለውም፤ መፈክርም ንግግርም የለበትም። ነገር ግን በሳንቲያጎ የሠራተኛ ሰፈርና በደቡቡ የገበሬ ጎጆ ያለ ሕፃን የተናቀውን ቻራንጎ የገዛ አገሩ ቴሌቪዥን ድምፅ አድርጎ አወቀው። በእኛ ግምት እነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ከብዙ ረጃጅም የፖለቲካ ውይይቶች የበለጠ ሠርተዋል። ይሁንና ሁኔታውን አሳምረን ማቅረብ አይገባንም። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲው ጣቢያ የአሌንዴ ተቃዋሚዎች አንደበት ሆኖ ነበር፤ የውጭው ፊልምም ከብሔራዊው ጣቢያ አልጠፋም።

የሰፈር ማኅበር አባላትን በተለይ የሚመለከተው ግን በ1972 የወጣው ላ ፖብላሲዮን የተሰኘው የሸክላ ሥራው ነው። በማርች 1967 ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች በሳንቲያጎ ዳርቻ ባዶ መሬት ይዘው ዳስ ተከሉ፤ ፖሊስ ከበባቸው። በዚያ ትግል ውስጥ ኤርሚንዳ የተባለች ሕፃን ሞተች፤ ሰፈሩም በስሟ ተጠራ። ቪክቶር የድምፅ መቅረጫ ይዞ ወደዚህ ሰፈር ገባ። እናቶች መሬቱን እንዴት እንደያዙ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ ሲናገሩ ቀረጸ፤ ዘፈኖቹንም ከዚያ ቃል አወጣ። በሸክላው ላይ የነዋሪዎቹ የራሳቸው ድምፅ ከዘፈኖቹ ጋር ይሰማል። ስለ ሕዝብ መዝፈን አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ራሱ የሚናገርበትን ቦታ ለቅቆ መስጠት ግን ሌላ ነው። በአብዮቱ ዘመን በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ያለፉ አንባቢዎቻችን ልዩነቱን ሳይረዱት አይቀሩም፤ ግጥሙ ከላይ ተጽፎ ሲወርድና ከሰፈሩ ሲወጣ አንድ ዓይነት ድምፅ አልነበረውምና።

በ1969 የመጀመሪያው የአዲሱ የቺሌ ዘፈን ፌስቲቫል ሲካሄድ ቪክቶር ከኪላፓዩን ቡድን ጋር ሆኖ ለአርሶ አደሩ ባቀረበው ጸሎት መሰል ዘፈን አሸናፊ ሆነ። የዘፈነው በሳንቲያጎ ስታዲየም ቺሌ በተባለው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ ይሠራበት ወደነበረው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በማግስቱ ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ተይዞ ወደዚያው አዳራሽ ተወሰደ። በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች በነበሩበት በዚያ ስፍራ ደበደቡት፤ እጆቹን ቀጠቀጡ። እጁ ተቆርጧል እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም፤ እውነቱም ያለ ማጋነን የሚበቃ ነው። የመጨረሻ ግጥሙ በእስረኞች እጅ ተደብቆ ወጣ። በ44 ጥይት ተበሳስቶ የተገኘውን አስከሬኑን ባለቤቱ ጆአን ፈልጋ አግኝታ በጥቂት ሰዎች ፊት በጸጥታ ቀበረችው።

ጁንታው ከሰው አልፎ በድምፅ ላይ ዘመተ። የቪክቶር ሸክላዎች ተቃጠሉ፤ ቴቪቶ ከቻራጉዋ ዜማ ጋር ከቴሌቪዥን ጠፋ፤ ኬናና ቻራንጎ ከአየር ላይ ተገለሉ። ቃል የሌለውን ዜማና የካርቱን ውሻን የፈራ ወታደራዊ መንግሥት ምን ያህል በራሱ እንደሚተማመን አንባቢ ይፍረድ። ጆአን በመጽሐፏ እንደመዘገበችው፣ በዚያው ሰሞን አንድ የቴሌቪዥን ሠራተኛ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከዚያ ለአርሶ አደሩ ከተዘፈነው ዘፈን ጥቂት ስልቶችን በአንድ የአሜሪካ ፊልም ድምፅ ውስጥ አስገብቶ አሰማ።

አዳራሹ በ2003 በቪክቶር ሃራ ስም ተጠራ። በ2009 አጽሙ ለምርመራ ወጥቶ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ዳግም ተቀበረ። የቺሌ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ጡረተኛ መኮንኖች ላይ የተሰጠውን ፍርድ ያጸናው በኦገስት 2023 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ፍትሕ የጠየቀችው ጆአን በዚያው ዓመት በኖቬምበር አረፈች።

ዛሬ ቪክቶርን ሲዘፍን ማየት የሚሻ ሰው ዋነኛው ምስክር ከቺሌ ውጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። ጁላይ 17 ቀን 1973፣ ሊገደል ሁለት ወር ሲቀረው፣ በጎረቤት አገር በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቀርጾታል። ጊታሩን ታቅፎ በዘፈንና በዘፈን መካከል ለተመልካቹ ያወጋል፤ ከዚያ ጅማቱን ቃኝቶ ይቀጥላል።