ከጭን ተነስቶ ሳንባ የሚደርሰው፦ የሩዶልፍ ቪርቾው ሕይወት

ያደግኩት ሙዱላ ነው። እግር ማበጥ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እንሰትና ዝንጅብል ሲኮተኩት የኖረ ገበሬ እግሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲያብጥ ዝሆኔ ያዘው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስለዚህ እህቴ በወለደች በአሥረኛው ቀን ግራ እግሯ ከባቷ እስከ ጭኗ ተወጥሮ ሲሞቅ ቤቱ ብዙም አልደነገጠም። አማቷ ወጌሻ ተጠርቶ እንዲያሽላት ፈለጉ። እኛም አራስ ስለሆነች ተኝታ ብትከርም ይሻላት ይሆናል አልን።

ለጥየቃ ብቅ ያለች ነርስ ጎረቤታችን ናት ሁሉን ያስቆመችው። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ ካበጠ ዝሆኔ አይደለም፣ ማሸትም አደጋ ነው ብላ በዚያው ቀን ወደ ሆሳዕና አስነሳችን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በየጉድጓዱ እህቴ ስትቃትት ነበር። አልትራሳውንዱ የጭኗ ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም አሳየ። ሐኪሙ ሲያስረዳን የአንድ ጀርመናዊ ስም ጠራ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን ልተወው አልቻልኩም።

ሩዶልፍ ቪርቾው እ.ኤ.አ. በ1821 ተወለደ፤ የትውልድ ከተማው ሺፈልባይን ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። አባቱ ገበሬና የከተማዋ ገንዘብ ያዥ ነበር። ሀብታም ስላልነበሩ ልጁ ሕክምናን የተማረው በርሊን ውስጥ የጦር ሐኪሞችን በሚያሠለጥን ተቋም ነው። በ1843 ተመረቀና ቻሪቴ ሆስፒታል አስከሬን መመርመር ጀመረ።

በዚያ ዘመን በድንገት የሞተ ሰው ሲመረመር አንዳንዴ የሳንባው ትልቅ የደም ቧንቧ በረጋ ደም ተደፍኖ ይገኛል። ደሙ እዚያው የረጋ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቪርቾው ግን ሳንባውን አይቶ አላቆመም፤ የዚያኑ ሰው እግር ከፈተ። የእግርና የጭን ደም መልስ ውስጥም የረጋ ደም አገኘ። ገዳዩ ቁራጭ ከታች ተቆርጦ በደም ተጉዞ የመጣ መሆኑ ገባው። ውሾች ደም ሥር ውስጥ የጎማና የሌላ ነገር ቁራጭ እየከተተ ሲሞክር ቁራጩን መልሶ ያገኘው ሳንባ ውስጥ ነው። ያኔ ገና ሃያ አምስት ዓመት ገደማው ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ትሮምቦሲስና ኢምቦሊዝም የሚሏቸውን ስሞች የሰጠውም እሱ ነው።

ነገሩን በእኛ ወንዝ አስቡት። ትንሽ ጅረት ላይ የወደቀ ግንድ ወደ ኦሞ ሲወርድ ውሃው እየሰፋ ስለሚሄድ የሚይዘው የለም። የጭን ደም መልስም እንዲሁ ነው፤ ከብሽሽት አልፎ በሆድ በኩል እየሰፋ ልብ ይደርሳል። ልብ ደግሞ ደሙን ወደ ሳንባ ይገፋዋል። እዚያ ቧንቧው እንደ መስኖ ቦይ እየተከፋፈለ ይጠባል፤ ግንዱም እዚያ ይሰነቀራል። ትንፋሽ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ደም ለምን ይረጋል? ቪርቾው ያጠናቸውን ምክንያቶች ሌሎች እሱ ከሞተ በኋላ በሦስት ከፍለው በስሙ ጠሯቸው፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት፣ የደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን። እህቴ ላይ ቢያንስ ሁለቱ ነበሩ። እርግዝና ደምን ለመርጋት ያፈጥነዋል፤ የከበደ ማህፀን በተለይ የግራ እግርን ደም መመለሻ ይጫናል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ አልጋ ላይ አስተኛናት።

በ1848 መንግሥት ቪርቾውን ላይኛው ሲሌዥያ ወደሚባል ድሃ አካባቢ የተስቦ ወረርሽኝ እንዲያጠና ላከው። እዚያም ያደረገው ያንኑ ነው፤ ሕመሙ የታየበት ቦታ ላይ አልቆመም፣ ከየት እንደመጣ ተከተለ። በሪፖርቱ የጠየቀው መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ትምህርት፣ መንገድ፣ የተሻለ እርሻ፣ ሙሉ ዴሞክራሲ ጠየቀ። ተመልሶም በርሊን ላይ በተነሳው አብዮት ከአመፀኞቹ ጋር ቆመ። በ1849 ሥራውን አጣና ወደ ቩርትስቡርግ ሄደ። በ1856 በክብር ተመለሰ፤ በ1858 በሽታ ከሕዋስ እንደሚጀምር የሚያስረዳውን ሴሉላር ፓቶሎጂ የተሰኘ መጽሐፉን አሳተመ። የበርሊን ምክር ቤት አባል ሆኖም ከተማዋ ዘመናዊ የፍሳሽ ማስወገጃ እንዲኖራት ታገለ።

ስህተት አልነበረበትም ወይ? ነበረበት፣ ያውም ከባድ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን ቢታጠቡ አራሶች በትኩሳት እንደማይሞቱ ሲያሳይ ቪርቾው አልተቀበለውም። ይህን ሳነብ አራስ እህቴ አጠገቤ ተኝታ ስለነበር ተናደድኩ። የአራስ ሞት ከየት እንደመጣ የተከተለው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ እሱ መንገዱን ዘጋ።

በጥር 1902፣ በሰማንያ ዓመቱ፣ ከሚሄድ ትራም ሲወርድ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም። በመስከረም 5 ቀን 1902 ልቡ ደክሞ አረፈ።

እህቴ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለወራት ወሰደች። ሐኪሙ ሲፈቅድላት ሕፃኑን ታቅፋ ግቢ ውስጥ መንጎራደድ ጀመረች፤ አማቷም አሁን ጎረቤት ስትወልድ ተነስታ ትንሽ እንድትራመድ የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። እናንተም አደራ፦ ከወሊድ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም መተኛት በኋላ የአንድ ሰው አንድ እግር ድንገት ካበጠ አትሹት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ደግሞ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቁ።

የሆሳዕናው መንገድ ግን ዛሬም ያው ነው። ቪርቾው ሪፖርቱ ውስጥ መንገድን ለምን እንደጻፈ የገባኝ እህቴን ይዤ በዚያ መንገድ ስሄድ ነው።