ማርስ ላይ ቦይ ያየው ሰው፦ ፐርሲቫል ሎዌል

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ማርስ ላይ ነዋሪዎች አሉ ብሎ ያመነውን ፐርሲቫል ሎዌልን እናስተዋውቃችኋለን። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎዌል በ1855 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ከጨረሰ ከዓመታት በኋላ ጃፓንና ኮሪያ ሄዶ ስለ አገሮቹ መጻሕፍት ጻፈ።

በ1877 ስኪያፓሬሊ የሚባል ጣሊያናዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ማርስ ላይ መስመሮች አየ። በጣሊያንኛ የሰጣቸው ስም ለተፈጥሮ ቦይም ያገለግላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን የተቆፈረ ቦይ ሆነ። ታዲያ ማን ቆፈረው? ሎዌልን የሳበው ይሄ ጥያቄ ነው። በ1894 በራሱ ገንዘብ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ በሚባል ቦታ የጠፈር መመልከቻ ጣቢያ አሠራ። በቴሌስኮፕ እያየ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ሳለ። የማርስ ነዋሪዎች ውኃ ስላነሳቸው ከዋልታው በረዶ በመስኖ ይስባሉ ብሎም ጻፈ። ብዙ ሰው ጉድ አለ!

ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን ዝም ብለው አላመኑም። ሞንደር የሚባል እንግሊዛዊ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቦይ የሌለበት፣ ነጠብጣብና ጥላ ብቻ ያለበት የማርስ ሥዕል አዘጋጅቶ በተለያየ ርቀት ለተቀመጡ ተማሪዎች አሳየ። ያያችሁትን ሳሉ ሲባሉ ራቅ ብለው ከተቀመጡት ውስጥ የሌለ መስመር የሳሉ ተገኙ! ውጤቱም በ1903 ታተመ። ዓይናችን ከሩቅ ሲያይ ነጠብጣቦቹን ያገጣጥማቸዋል ማለት ነው። በ1909 ደግሞ አንቶኒያዲ የተባለ ተመራማሪ ፈረንሳይ ውስጥ በትልቅ ቴሌስኮፕ ሲያይ መስመሮቹ ተበታትነው ነጠብጣብ ሆኑ።

ሎዌል ግን በሐሳቡ እንደጸና በ1916 ሞተ። በ1965 ማሪነር 4 የተባለች መንኮራኩር ማርስን በቅርብ ፎቶ ስታነሳ ቦይ የሚባል ነገር አልታየም።

ታዲያ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነበር? አይደለም። ሎዌል ከኔፕቲዩን ወዲያ ሌላ ፕላኔት አለ ብሎ ሲፈልግ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1930 ቶምቦ የሚባል ወጣት እዚያው ጣቢያ ፍለጋውን ሲቀጥል ፕሉቶን አገኘ።

ጓደኞቼ፣ ሎዌል እውቀትም ገንዘብም አላነሰውም። የጎደለው የራሱን ዓይን መጠራጠር ነው። በጨለማ ቁጥቋጦም ጅብ ይመስላል። ሳይንቲስቶች ዛሬም ማርስ ላይ የጥንት ሕይወት ምልክት ይፈልጋሉ፤ አንዱ አየሁ ሲል ግን ሌላው በሌላ መሣሪያ ያጣራል። እኛም አየሁ ያለን ሁሉ ውሸታም ነው ሳንል፣ ዝም ብለንም ሳናምን፣ እስቲ ቀረብ ብለን እንይ እንበል።