የጨውን ምሥጢር የመረመረው ስቫንቴ አሬኒየስ

በየዕለቱ በወጣችን የምንጨምረው ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ምን እንደሚሆን ያስረዳን ሊቅ ግን ስለዚሁ አሳቡ ምን ያህል ተንቆ እንደ ነበር ብዙዎቻችን አልሰማንም። ስለዚህ ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስቫንቴ አሬኒየስ በ1859 ዓ.ም. በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ ማንበብ እንደ ቻለ ይነገራል። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ መመርመር ጀመረ።

ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ ደረቅ ጨውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ኤሌክትሪክ በደኅና ያልፋል። አሬኒየስ የዚህን ምክንያት ፈልጎ በ1884 ለዶክተርነት ማዕረግ የጻፈውን ጥናት አቀረበ። መምህራኑ ግን አሳቡን ስላልተቀበሉት ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። እሱም ተስፋ ሳይቈርጥ ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ። በሪጋ ያስተምር የነበረው ዊልሄልም ኦስትዋልድ አንብቦ እጅግ ስለ ተደነቀ፣ በዚያው ዓመት ወጣቱን ለማየት እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጣ።

በ1887 አሬኒየስ አሳቡን አብራርቶ ገለጠ። ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ባይነካውም እንኳ አዮን ወደሚባሉ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ወደ ሆኑ ክፍሎች ይለያያል አለ። ተቃዋሚዎቹ ግን ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚንቀለቀል፣ ክሎሪንም መርዘኛ ጋዝ ሆኖ ሳለ ሁለቱ እንዴት በጨው ውሃ ውስጥ በሰላም ይኖራሉ ብለው ጠየቁ። መልሱ አዮንና አቶም አንድ አይደሉም የሚል ነው።

ይህም ኤሌክትሮን በ1897 ከታወቀ በኋላ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በ1916 ጀርመናዊው ዋልተር ኮሰል እንዳስረዳው፣ ሶዲየም ካሉት 11 ኤሌክትሮኖች በውጭው ዙር ያለውን 1 ይሰጣል፤ በውጭው ዙር 7 ያለው ክሎሪን ተቀብሎ 8 ያደርገዋል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ ይሆንና ይሳሳባሉ። የአዮን ትስስር የሚባለው ይህ ነው። ስበቱ ብርቱ ስለ ሆነ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውሃ ግን ስበቱን አላልቶ አዮኖቹን ይለያያቸዋል።

አሬኒየስ በ1903 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ ከስዊድናውያንም የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። በአየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ምድር እንደምትሞቅ በ1896 አስቀድሞ ያሰላም እሱ ነው። በ1927 በስቶክሆልም ዐረፈ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ዝቅተኛ ማርክ ስናገኝ ይህን ሰው እናስታውስ። እሱ መምህራኑን በመውቀስ ጊዜውን አላጠፋም፤ ሥራውን ቀጥሎ እውነቱን በምርመራ አስረዳ። እኛም እንዲሁ እንድንበረታ እመኛለሁ።