ሌባው ደራሲውን የሰረቀበት ታሪክ

አቀስታ ላይ ማታ መብራት ከጠፋ ጋቢ ተከናንቦ ከመተኛት ውጪ ብዙ ምርጫ የለም። ባለፈው ግን ስልካችን 40 ፐርሰንት ባትሪ ነበረው፤ ቀደም ብለን ያወረድነው አንድ የፈረንሳይ ሌባ ታሪክም ነበር። የወንጀል መጽሐፍ ሲባል ደም፣ ሬሳና ፊቱን ያኮሳተረ መርማሪ ነው የጠበቅነው። በወሎው ልጅ በጋሽ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት ላደገ ሰው የለመደው ልብ ማንጠልጠሉን ነው። ይሄኛው ግን ጋቢ ውስጥ ብቻችንን አሳቀን። ከጎን ያለው ሰው ሁለቴ ምን ነካችሁ ብሎ ጠይቆናል።

ሌባው አርሴን ሉፒን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን፣ ኦማር ሲ የሚተውንበትን «ሉፒን» ያያችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ሌባውን የፈጠረውን ሰውዬስ?

ሞሪስ ሌብላን እ.ኤ.አ. በ1864 ሩዋን በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ተገኝቶለት ነበር፤ እሱ ግን ደራሲ ልሁን ብሎ ፓሪስ ገባ። ያውም የሚመኘው እንደ ፍሎቤርና ሞፓሳን ያለ ትልቅ ደራሲ መሆን ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1893 ወጣ። ቁም ነገር የሞላበት፣ የሰው ውስጥ የሚመረምር ጽሑፍ ነው። የሙያ ጓደኞቹ ወደዱለት፤ ገዢ ግን ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ 40 ዓመት ሞላው።

በ1905 ፒየር ላፊት የሚባል አሳታሚ ለአዲሱ መጽሔቱ አጭር ታሪክ ጻፍልኝ አለው። ሌብላን ስለ አንድ ዘናጭ ሌባ ጻፈና መጨረሻ ላይ ሌባውን አሳሰረው። ለሱ ነገሩ እዚህ ጋ አልቋል። አንባቢ ግን ሌባውን ወደደው፤ ላፊትም ቀጥል አለ። እንዴት ይቀጥላል? ሰውዬው እስር ቤት ነው!

እኛን ያሳቀን መፍትሔው ነው። ሉፒን ታስሮ እያለ ቤተ መንግሥት ለሚያህል ቤት ባለቤት፣ ለአንድ ባሮን፣ ደብዳቤ ይጽፋል። የሚፈልጋቸውን ሥዕሎችና ዕቃዎች ዘርዝሮ፣ በደንብ ታሽገው፣ የማጓጓዣው ተከፍሎ በባቡር እንዲላኩለት በትህትና ይጠይቃል። ካልሆነ ራሱ መጥቶ ይወስዳቸዋል። አንደኛው ትልቅ ሥዕል ግን ቅጂ ስለሆነ እንዳይላክ ያሳስባል። ባሮኑ የዛን ሌሊት ምን እንደሚገጥመው አንነግራችሁም። ሌላ ቦታ ደግሞ ይሄው ሌባ አንድ ቤት ገብቶ ምንም ሳይነካ ይወጣል፤ ዕቃው ኦሪጅናል ሲሆን ተመልሶ እንደሚመጣ የሚገልጽ ካርድ ብቻ ትቶ።

ሌብላን በድፍረቱ ሸርሎክ ሆልምስንም ጎትቶ አመጣው። ኮናን ዶይል ሲቃወም የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት አገላብጦ ሄርሎክ ሾልምስ አለውና ቀጠለ። (ይሄንን ስናነብ ነው ባትሪው 12 የገባው።)

ገንዘቡም ዝናውም መጣ። ሰውዬው ግን የልቡ አልሞላም። የደከመባቸውን ከባድ ልብ ወለዶች ማንም አይጠይቀውም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሌባው ነው። ሉፒን የሄደበት ሁሉ እንደሚከተለው፣ ጭራሽ ራሱ የሉፒን ጥላ እንደሆነ እያነሳ ያማርር ነበር። በ1910 በወጣው «813» ላይ ሌባውን ገደል አፋፍ አድርሶ ወረወረው፤ ከዚያ እዚያው መጽሐፍ ላይ ራሱ መልሶ አተረፈው። እኛ እንደሚመስለን ሳይታወቀው ይወደው ነበር። ሊገላገለው የፈለገ ሰው እንደዛ እየተዝናና አይጽፍም፤ በየገጹ ያስታውቃል። ሲያረጅ ደግሞ ከሉፒን ጠብቁኝ ብሎ ፖሊስ ጠይቋል ይባላል።

ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ወደ ደቡብ ሸሸ። በኅዳር 1941 ፔርፒኞ ከተማ በሳንባ ምች ሞተ፤ 76 ዓመቱ ነበር። ኤትሬታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለው ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። መጠሪያው ክሎ ሉፒን ነው፤ እዚያም ስሙ የተሰጠው ለሌባው ነው።

የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ስላለፈ የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጉተንበርግ ላይ በነጻ ይወርዳል፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ከእስር ቤቱ ታሪክ ጀምሩ። ስልኩን ግን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ እኛ ባሮኑ በሩን ሊከፍት ሲል ነው የጠፋብን።