የለንደኑን የመድን ገበያ መልክ የለወጡት ኩትበርት ሂዝ

ለንደን የሚገኘው የሎይድስ ገበያ መደበኛ የመድን ድርጅቶች በቀላሉ የማይቀበሏቸውን ልዩ ልዩ አደጋዎች በመሸፈን ይታወቃል። ገበያው ለዚህ ደረጃ እንዲበቃ መሠረት ከጣሉት መካከል ኩትበርት ሂዝ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ሂዝ እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። አባታቸው ሊዮፖልድ ሂዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የባሕር ኃይሉን ክፍል የመሩ መኮንን ነበሩ። ልጃቸው ግን በመስማት ችግር ምክንያት የአባታቸውን ሙያ መከተል ባለመቻላቸው እ.ኤ.አ. በ1877 በመድን ሥራ ተሰማሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የሎይድስ አባል ሆኑ።

በዚያን ጊዜ የሎይድስ ዋነኛ ሥራ የመርከብና የጭነት መድን ነበር። ሂዝ እ.ኤ.አ. በ1885 አባታቸው በቦርድ አባልነት ለሚያገለግሉበት የእሳት አደጋ መድን ድርጅት የጠለፋ መድን ሰጡ። ቀጥለውም የስርቆት መድንንና በአደጋ ምክንያት የሚቋረጥ የንግድ ትርፍን የሚተካ ዋስትናን አስፋፉ። የምድር መንቀጥቀጥና የአውሎ ነፋስ መዛግብትን አሰባስበው የአረቦን ተመን በጥናት ላይ እንዲመሠረት አድርገዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በምድር መንቀጥቀጥና ተከትሎ በተነሣው ቃጠሎ ወደመች። አንዳንድ መድን ሰጪዎች የውል አንቀጽ እየጠቀሱ ክፍያ ሲከራከሩ፣ ሂዝ የውሉ ዝርዝር ሳይታይ ለደንበኞቻቸው በሙሉ ካሳው እንዲከፈል ወኪላቸውን በቴሌግራም አዘዙ። ውሳኔው ከፍተኛ ወጪ ቢያስከትልም ሎይድስ በአሜሪካ ገበያ አመኔታ እንዲያገኝ አስችሏል።

ሂዝ አመኔታን በመልካም ፈቃድ ላይ ብቻ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ የሎይድስ አባል ለራሱ ድርጅቶች ዕዳ ዋስትና ሲሰጥ ቆይቶ መክሰሩ የቁጥጥር ጉድለትን አጋልጦ ነበር። የአባላት ሂሳብ በየዓመቱ በኦዲተር እንዲመረመር ሂዝ የመሩት ጥረት፣ ሒሳባቸውን ማሳየት ያልፈለጉ አባላት ቢቃወሙትም፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ተቀባይነት አገኘ። ሂዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ገበያው እ.ኤ.አ. በ2024 የ55.5 ቢሊዮን ፓውንድ አረቦን ሰብስቦ 9.6 ቢሊዮን ፓውንድ ከግብር በፊት ትርፍ አስመዝግቧል። ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ የአረቦን ገቢ ለካሳና ለሥራ ማስኬጃ የዋለው 86.9 ፓውንድ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ የደረሰው ሰደድ እሳት ብቻ ገበያውን 2.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ተገምቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ የገበያው ቀጣይ ዕድል የሚወሰነው፣ ሂዝ እንዳሳዩት፣ ሥጋትን በመረጃ በመተመን፣ ካሳን በወቅቱ በመክፈልና ሂሳብን ለምርመራ ክፍት በማድረግ ነው።